ቫይረስ ዲኤንኤውን ሲያሽግ

ጅማ ውስጥ የቡና መጋዘን በር ላይ ትንሽ ቆም ብሎ ላየ፣ ኬሻ መሙላት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አንዱ አፉን ከፍቶ ይይዛል፣ ሌላው ይገለብጣል። ከዚያ ኬሻውን ግራና ቀኝ ይዘው መሬት ላይ ጠብ ጠብ ያደርጉታል። ፍሬው ቦታ ቦታውን ይይዝና ሌላ ቡና ይጨመራል። 60 ኪሎ ሲሆን በትልቅ መርፌና በሲባጎ አፉ ይሰፋል።

ብዙ ቫይረሶች ዲኤንኤያቸውን የሚያሽጉት ከዚህ ብዙም በማይርቅ መንገድ ነው። መያዣው ባዶውን ቀድሞ ይሠራል፣ በአንድ አፍ ብቻ ይሞላል፣ ከዚያ አፉ ይደፈናል። ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም። ቡና በክብደቱ ቁልቁል ይወርዳል። ዲኤንኤ ግን መግባት አይፈልግም። ተገፍቶ ነው የሚገባው።

በዚህ መንገድ የሚጠቀሙት በዋናነት ሁለት ወገኖች ናቸው፤ ባክቴሪያን የሚያጠቁት ጭራ ያላቸው ፌጆችና የሄርፒስ ቤተሰብ። ፌጅ ባክቴሪያ ባለበት ሁሉ አለ። የአዌቱን ወንዝ ውሃ በብርጭቆ ብትቀዱ ውስጡ በብዙ ሚሊዮን ይኖራል (ለመጠጣት ብላችሁ እንዳትቀዱ እንጂ)። ሄርፒስንም እናውቀዋለን፣ የማናውቀው ስሙን ነው። «ምች መታኝ» ብለን ዳማ ከሴ አሽተን የምንቀባው የከንፈር ቁስል ብዙ ጊዜ የእሱ ሥራ ነው። አልማዝ ባለጭራም የዚያው ዘር ናት። «ባለጭራ» መባሏ ግን አያሳስት፤ የእሷ ቫይረስ ጭራ የለውም።

ሥራው የሚጀምረው ከቅርፊቱ ነው፤ በሳይንሱ ካፕሲድ ይባላል። ፎቅ ሲሠራ በባህር ዛፍ ርብራብ እንደሚደገፈው፣ ቅርፊቱም ከውስጥ በሌሎች ፕሮቲኖች ተደግፎ ይቆማል። በኋላ ርብራቡ ይነሳል። በአንዳንዱ ቫይረስ ተቆራርጦ ይጠፋል፤ በሌላው ሳይበላሽ ወጥቶ ለሚቀጥለው ቅርፊት ያገለግላል።

ቅርፊቱ 12 ማዕዘኖች አሉት። አንዱ ላይ ብቻ 12 ፕሮቲኖች ክብ ሠርተው በር ይሆናሉ። ይህ በር ፖርታል ይባላል። በሩ ላይ ተርሚኔዝ የሚባለው ሞተር ይለጠፋል። ዲኤንኤውን ለይቶ የሚይዘውም፣ የሚገፋውም፣ የሚቆርጠውም እሱ ነው። ነዳጁ ኤቲፒ ነው፤ የእኛም ጡንቻ የሚሠራበት።

መጠኑን ለመገመት ፋይ29 የሚባለውን ፌጅ እንውሰድ። ቅርፊቱ ቁመቱ 54፣ ወርዱ 42 ናኖሜትር ነው። ዲኤንኤው ሲዘረጋ 6,600 ናኖሜትር ገደማ ይሆናል። ቅርፊቱን አንድ ሜትር ቁመት ያለው ኬሻ እናድርገው። ያኔ ዲኤንኤው 4 ሳንቲ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ውፍረትና 120 ሜትር ርዝመት ያለው ገመድ ይሆናል ማለት ነው። ገመዱ ደግሞ ለስላሳ አይደለም። እንደ ወፍራም ጎማ ቱቦ ነው፤ አንድ ሜትር በማይሞላ ስፋት ውስጥ መታጠፍን ይታገላል። በዚያ ላይ ዲኤንኤ መላ አካሉ ኔጌቲቭ ቻርጅ ስለሆነ ራሱን በራሱ ይገፋል። ይህን ሁሉ በአንዲት ቀዳዳ ጠቅጥቆ ማስገባት ነው እንግዲህ ሥራው።

ጉልበቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ተለካ። ተመራማሪዎች የዲኤንኤውን አንድ ጫፍ ከጥቃቅን ኳስ ጋር፣ ቅርፊቱን ከሌላ ኳስ ጋር አያያዙ። አንዱን ኳስ በሌዘር ብርሃን ይዘው ከሞተሩ ጋር ገመድ ጉተታ ገጠሙ። ሞተሩ እስከ 57 ፒኮኒውተን (የጥቃቅን ጉልበት መለኪያ ነው) ድረስ ታገለ፤ ይህ የጡንቻችን ሞተር የሆነው ሚዮሲን ከሚያወጣው ጉልበት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። መጀመሪያ ላይ በሰከንድ 100 ያህል የዲኤንኤ ጥንዶችን (ዲኤንኤ የተጻፈባቸውን ጥንድ ጥንድ «ፊደላት») ያስገባል፤ ቅርፊቱ እየሞላ ሲሄድ ይደክመዋል። 19,300 ጥንዶቹን ለመጨረስ 5 ደቂቃ ተኩል ያህል ይበቃዋል። አቦል እንኳን በዚህ ፍጥነት አይደርስም። ቲ4 የተባለው ፌጅ ደግሞ በሰከንድ እስከ 2,000 ጥንዶች ያስገባል። የሞተሩ ኃይል ከመጠኑ ጋር ሲነጻጸር ከመኪና ሞተር እጥፍ ነው ተብሎ ተሰልቷል። ባጃጅማ አይወዳደረውም።

ሞተሩ እንዴት ይገፋል የሚለው ብዙ አከራክሯል። እ.ኤ.አ. በ1978 የቀረበው ሐሳብ ደስ የሚል ነበር፤ በሩ እንደ ብሎን ዳዶ እየዞረ ዲኤንኤውን ያስገባል የሚል። በ2007 ፋይ29 ላይ ሲሞከር ግን በሩ ሲዞር አልታየም። ያሳዝናል፤ ሐሳቡ ያምር ነበር። በ2009 የታየው ሌላ ነው፤ ሞተሩ ጥቂት ቆም ይልና በአንድ ጊዜ 10 ጥንዶችን ያስገባል፣ ያንንም በአራት እርምጃ። ኬሻውን ጠብ ጠብ የሚያደርጉትን ሰዎች ያስታውሰኛል።

መቁረጡም የየራሱ ዘዴ አለው። በአብዛኞቹ ቫይረሶች ዲኤንኤው ቅጂ በቅጂ ተቀጣጥሎ እንደ ጣቃ ጨርቅ ይጠብቃል። ላምዳ የተባለው ፌጅ ምልክት አይቶ ይቆርጣል፤ ሁሌም 48,502 ጥንዶች፣ አይዛነፍም። ቲ4 ለምልክት ደንታ የለውም። ኬሻው ሲሞላ ይቆርጣል፣ አበቃ። ስለዚህ ከአንድ ሙሉ ቅጂ በ2 በመቶ ያህል የሚተርፍ ይይዛል፤ እንደ ምርቃት።

ውስጡ የሚፈጠረው ግፊት በፋይ29 60 አትሞስፌር ገደማ እንደሚደርስ ይገመታል። ከመኪና ጎማ ከ20 እጥፍ በላይ ነው። ይህ ግፊት በከንቱ አይቀርም። ፌጁ ባክቴሪያው ላይ ተቀምጦ በሩ ሲከፈት፣ ያ ሁሉ የታመቀ ጉልበት ዲኤንኤውን ወደ ውስጥ ማስወንጨፍ ይጀምራል። ሄርፒስም ቅርፊቱን የሴሉ ኒውክሊየስ በር ላይ አስጠግቶ ዲኤንኤውን የሚለቀው በዚሁ ግፊት ታግዞ ነው።

ሁሉም ቫይረስ እንዲህ አይደለም። ኮሮና አርኤንኤውን (የዲኤንኤ የቅርብ ዘመድ ነው) ከፕሮቲን ጋር እየጠቀለለ ነው የሚያዘጋጀው። ሄፓታይተስ ቢ ጭራሽ አርኤንኤ ያሽግና ዲኤንኤውን እዚያው ቅርፊቱ ውስጥ ይሠራል።

ለአልማዝ ባለጭራ ከፋርማሲ የሚገዛው አሲክሎቪር የሚያስቆመው የዲኤንኤውን መባዛት ነው፤ እሽጉን አይነካም። እሽጉን የሚያስቆም መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ሌተርሞቪር ይባላል። ሳይቶሜጋሎ በተባለው የሄርፒስ ዘመድ ላይ ይሠራል፣ መቅኒ ንቅለ ተከላ ለተደረገላቸው ሰዎች ይሰጣል። የሚይዘው ተርሚኔዙን ነው፤ የእኛ ሴል ደግሞ እንዲህ ያለ ሞተር የለውም። መድኃኒቱ ባለበት ሴል ውስጥ ቅርፊቶቹ ይሠራሉ፣ ዲኤንኤውም ይባዛል። ግን የሚያስገባውም የሚቆርጠውም የለም። ሳይሞሉ የቀሩት ቅርፊቶች ይከማቻሉ፤ ያልተቆረጠው ጣቃም እዚያው ኒውክሊየስ ውስጥ ተዘርግቶ ይቀራል።