ፀጉር «ተቃጠለ» ሲባል ምን ማለት ነው?

«ቀለሙ ፀጉሬን አቃጠለው።» «ፔስትራ ጨረሰኝ።» እንዲህ ስንባባል እንግባባለን። ፀጉሩ ይሻክራል፣ ጫፉ ይሰነጠቃል፣ ማበጠሪያው ላይ አጫጭር ቁርጥራጭ ይቀራል። ግን ውስጡ ምን ደርሶበት ነው እንዲህ የሚሆነው? ይህን ማወቅ በተግባር ይጠቅማል። ብዙ ሰው የተቃጠለ ፀጉሩን ሊያድን ብሎ የሚያደርገው ነገር ጉዳቱን ሲያባብሰው አይቻለሁ፤ ባየሁ ቁጥር ያሳዝነኛል።

በቅድሚያ አንድ ነገር እንያዝ። ከራስ ቆዳችን ወጥቶ የምናየው ፀጉር ሕይወት የለውም። ደም አይደርሰውም፣ ነርቭ የለውም። ሲቆረጥ የማያመንም ለዚህ ነው። ሕያው የሆነው ቆዳው ውስጥ ያለው ሥሩ ብቻ ነው። ቆዳ ቢቆስል ራሱን ይጠግናል፤ ፀጉር ግን የሚጠግንበት ነገር የለውም። አንዴ የተሰነጠቀ ጫፍ መልሶ አይገጥምም። ዕቃው ላይ የተጻፈው ምንም ይሁን ምን፣ ቅባትና ክሬም ስንጥቁን ለጊዜው አለስልሶ ይይዘዋል እንጂ አያድነውም።

አንዲት ዘለላ ፀጉር በማይክሮስኮፕ ስትታይ፣ ላይዋ እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረቡ ስስ ሽፋኖች ተለብጧል። ይህ ኩቲክል ይባላል። ቅርፊቶቹ ተኝተው ሲገጥሙ ፀጉሩ ያበራል፣ እጅ ላይ ይንሸራተታል። ከኩቲክሉ ሥር ዋናው አካል ኮርቴክስ አለ። ኮርቴክስ ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን እንደ ገመድ የተገመደ ነው፤ ለፀጉር ቀለሙን የሚሰጠው ሜላኒንም የሚገኘው እዚያው ነው። ገመዶቹን እርስ በርስ ከሚያስሩት ማሰሪያዎች ሁለቱን እንይ። አንዱ ደካማው ነው፤ ውሃ ሲነካው ይፈታል፣ ሲደርቅ ይታሰራል። ቢጎዲንም (ፀጉር መጠቅለያው) ፔስትራም (መተኮሻው) የሚሠሩት በዚህኛው ላይ ነው። የተተኮሰ ፀጉር ዝናብ ሲያገኘው ወደ ጥቅልሉ የሚመለሰውም ስለዚህ ነው። ሁለተኛው ጠንካራው የሰልፈር ማሰሪያ ነው። ይህኛው በውሃ አይፈታም። የፀጉር ጥንካሬ በአብዛኛው በእሱ ላይ ያረፈ ነው።

አሁን ወደ ቀለሙ እንምጣ። ቋሚ ቀለም ወደ ውስጥ እንዲገባ በሩ መከፈት አለበት። አሞኒያ ወይም መሰሉ ኬሚካል ፀጉሩን ያሳብጠውና ቅርፊቶቹን ያነሳቸዋል። ከዚያ ፔሮክሳይድ ገብቶ ሜላኒኑን ያነጣል፤ አዲሱ ቀለምም ውስጥ ይሠራል። የፔሮክሳይዱ ኃይል በቮልዩም ይለካል። 20 ቮልዩም ማለት 6 በመቶ ነው፤ 40 ቮልዩም ደግሞ 12 በመቶ። ፀጉርን ይበልጥ ማጥቆር ብዙውን ጊዜ ጉዳቱ ቀለል ያለ ነው። ጥቁር ፀጉርን ወርቃማ ማድረግ ግን ብሊች፣ ማለትም ቀለም ማንጫ፣ ይፈልጋል፤ ብሊች ደግሞ ሜላኒን ብቻ መርጦ አይበላም። የሰልፈር ማሰሪያዎቹንም ይበጥሳል። ብሊች ተደርጎ በጣም የተጎዳ ፀጉር በርጥቡ ሲጎተት እንደ ማስቲካ የሚለጠጠው ከዚህ የተነሳ ነው። የሚይዘው ነገር አልቆበታል።

ሌላም የሚጠፋ ነገር አለ፣ ብዙም ሲነገር አልሰማም። ጤነኛ ፀጉር ቅርፊቱ ላይ የተጣበቀ ስስ የቅባት ሽፋን አለው። ከራስ ቆዳ የሚወጣው ወዝ ማለቴ አይደለም፤ ይህ ከፀጉሩ ጋር አብሮ የተሠራ ስለሆነ ተራ ሻምፖ አጥቦ አያወጣውም። ብሊች ግን ያነሳዋል፣ ተመልሶም አይበቅልም። ያ ሽፋን ውሃን የሚገፋው ነበር። ስለዚህ የተቃጠለ ፀጉር ውሃ ሲነካው እንደ ስፖንጅ ይጠጣል። እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንሳሳተው። «ፀጉሬ ደረቀ» እንልና ውሃ እናበዛበታለን፤ እርጥብ አድርገን አድረን በየቀኑ እናጥበዋለን። የሻከረው ግን ውሃ አጥቶ ሳይሆን ሽፋኑን አጥቶ ነው። በታጠበ ቁጥር ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሟሽሻል፤ በዚህ ምልልስ ቅርፊቶቹ እየላሉ ይሄዳሉ።

የሙቀት ጉዳት መንገዱ ሌላ ነው። ፔስትራ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊግል ይችላል። በዚህ ሙቀት ኬራቲኑ ራሱ ቅርጹን መልቀቅ ይጀምራል። እንቁላል ከተጠበሰ በኋላ ወደ ጥሬው እንደማይመለስ ማለት ነው። ለወራት በከፍተኛ ሙቀት የተተኮሰ ጥቅልል ፀጉር ታጥቦም ሉጫ ሆኖ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። «ፀጉሬ ለሰለሰልኝ» ብለው የሚደሰቱ አሉ፤ ጉዳት መሆኑን ቢያውቁት ደስ ይለኛል።

ከሁሉ የከፋው እርጥብ ፀጉር ላይ የሚደረግ ፔስትራ ነው። ፀጉር ውስጥ ያለው ውሃ በቅጽበት ይፈላል፤ እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ፀጉሩን ከውስጥ አረፋ እያበጀ ይነፋዋል። አረፋው ያለበት ቦታ ላይ ፀጉሩ ይቀነጠሳል። ፔስትራው ሲያልፍ «ጭስስ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ያ ውሃ ሲፈላ ነው። ወዲያው አቁሙ። መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከሁሉ በፊት የተቃጠለውን ደግሞ አለማቃጠል። ሥሩ ሲያድግ ቀለሙን እንደገና ከሥር እስከ ጫፍ መቀባት የተለመደ ነው። ይህ ትልቅ ስህተት ነው። ጫፉ ያን ቀለም ምናልባት ሦስቴና አራቴ ጠጥቷል። አዲስ የበቀለውን ብቻ አስቀቡ። ሠራተኛዋ «አንዴ ላዳርሰው» ብትላችሁም በትሕትና እምቢ በሉ። ሪላክሰር (ጥቅልል ፀጉርን በኬሚካል ሉጫ የሚያደርገው) የገባበት ፀጉር ላይ ብሊች ማድረግ ደግሞ ጨርሶ አልመክርም፤ ሁለቱም የሚያጠቁት እነዚያኑ የሰልፈር ማሰሪያዎች ነው።

ኮንዲሽነርን አቅልላችሁ አትዩት። የተጎዳ ፀጉር አሉታዊ ቻርጅ ይበዛበታል፤ በኮንዲሽነር ውስጥ ያሉት አለስላሾች ደግሞ አዎንታዊ ናቸው። ተቃራኒ ቻርጆች ስለሚሳሳቡ ይበልጥ የሚጣበቁት በተጎዳው ቦታ ላይ ነው። የጠፋውን ሽፋን ለጊዜው የሚተካልን ይሄ ነው። ሻምፖው ለራስ ቆዳ፣ ኮንዲሽነሩ ለርዝመቱና ለጫፉ። ከመታጠብ በፊት የኮኮናት ዘይት መቀባትም ይጠቅማል። ብዙዎቹ ዘይቶች ላይ ላዩን ሲቀሩ እሱ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ሲታጠብ የሚወጣውን ፕሮቲን ይቀንሳል።

ማበጠር ላይ ትዕግሥት ይኑራችሁ። እርጥብ ፀጉር ከደረቁ ይልቅ ደካማ ነው። ኮንዲሽነሩ እንዳለበት፣ ሰፊ ጥርስ ባለው ማበጠሪያ፣ ከጫፍ ጀምራችሁ ወደ ላይ። በፎጣ ማሸት ይቅር፤ ጨመቅ ጨመቅ ማድረግ ይበቃል።

ፔስትራን ፈጽሞ ተዉ ልል አልችልም፤ የሚፈልገው ሰው አለ፣ ይገባኛል። ግን ቀለም የተቀባ ፀጉር ከ180 ዲግሪ በላይ አያስፈልገውም፤ ስስ ከሆነ ወደ 150 ዝቅ አድርጉት። ትንሽ ትንሽ እየያዛችሁ አንዴ ብቻ አሳልፉ። የሙቀት መከላከያ ስፕሬይ ሙቀቱ ቶሎ ዘልቆ እንዳይገባ ያግዛል፤ ሙሉ ጋሻ ግን አይደለም። ቀለም በተቀባበት ሳምንት ደግሞ ባትተኩሱት እመርጣለሁ።

አንድ ነገር ለዩልኝ፦ መሰባበርና መነቀል አንድ አይደሉም። የወደቀው ፀጉር ጫፉ ላይ ነጭ እንክብል ካለው ከሥሩ የወጣ ነው። ከሌለውና አጭር ከሆነ መሃል ላይ ተሰብሯል። እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለተሰበረው ነው። ከሥሩ እየተነቀለ ከበዛ፣ ወይም ከቀለም በኋላ የራስ ቆዳ ከቆሰለ፣ ፊት ካበጠ፣ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ለቀለም አለርጂ የሆነ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ሊብስበት ይችላል፤ ስለዚህ ከመቀባት 48 ሰዓት በፊት ጥቂቱን ቆዳ ላይ ሞክሮ ማየት ይበጃል።

ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል። ስለዚህ 30 ሴንቲ ሜትር ተጎድቶ ከሆነ ሁሉንም በአዲስ ለመተካት ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን መቁረጥ ካልፈለጋችሁ፣ በየሁለት ወሩ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ከጫፉ እየቀነሳችሁ መሄድ ትችላላችሁ። በዚህ ጊዜ አዲሱ ጥቅልልና አሮጌው ሉጫ የሚገናኙበት መስመር ላይ ተጠንቀቁ፤ በጣም የሚሰበረው እዚያ ነው። ስታበጥሩ ያንን ቦታ በጣታችሁ ያዝ አድርጉት።