ናልትሬክሶን ምንድን ነው? ሐኪሙስ ስለ ትራማዶል ለምን ይጠይቃል?

ናልትሬክሶን ከአልኮልና ከኦፒዮይድ ሱስ ለመላቀቅ የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። ኦፒዮይድ የሚባሉት እንደ ሞርፊን፣ ኮዴይን፣ ሜታዶንና ትራማዶል ያሉት ናቸው፤ አንጎል ውስጥ ያሉ ተቀባዮች ላይ ተጣብቀው ሕመም ያበርዳሉ፣ ደስታም ይሰጣሉ። ናልትሬክሶን እነዚያኑ ተቀባዮች ይይዛል እንጂ አያነቃቃቸውም። ቦታው ተይዟልና በኋላ የሚዋጠው ኦፒዮይድ የለመደውን ደስታ አያመጣም።

ቦታው ላይ ቀድሞ ኦፒዮይድ ካለ ግን ገፍቶ ያስለቅቀዋል። በቀናት ቀስ እያለ ይመጣ የነበረው የማቋረጥ ሕመም ያን ጊዜ በደቂቃዎች ይጀምራል፤ ትውከት፣ ተቅማጥ፣ ላብ፣ ቁርጠትና ከባድ ጭንቀት እስከ 48 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ብዙ ሰው «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» ብሎ የሚተወው እዚህ ላይ ነው፤ ጥፋቱ ግን የመድኃኒቱ ሳይሆን የተጀመረበት ጊዜ ነው።

ድሬዳዋ ላይ ይህ በቀላሉ ሊደርስ ይችላል። ከጫት በኋላ ምርቃናውን በጨብሲ የሚሰብር ሰው፣ ለመጠጡ ናልትሬክሶን ሲታዘዝለት፣ ለወገቡ የሚውጠውን ትራማዶል እንደ ሱስ ስለማይቆጥረው ሳይናገር ይቀራል። ጫት ኦፒዮይድ ስላልሆነ ይህን ሕመም አያስነሳም፤ ትራማዶል ግን ያስነሳል። የተለመደው የሽንት የኦፒዮይድ ምርመራም ትራማዶልን ብዙ ጊዜ አያሳይም። ስለዚህ እውነቱን መናገር ከምርመራው ይበልጣል።

ከትራማዶል ወይም ከኮዴይን በኋላ ቢያንስ ከ7 እስከ 10 ቀን፣ ከሜታዶን በኋላ እስከ 2 ሳምንት መታገስ ያስፈልጋል። ጥርጣሬ ካለ ሐኪሙ ቀድሞ ናሎክሶን (እንደ ናልትሬክሶን ተቀባዮቹን የሚይዝ፣ ግን ለአጭር ጊዜ የሚሠራ መድኃኒት) በመርፌ ሰጥቶ ይፈትናል፤ የናሎክሶን ሕመም ቶሎ ያልፋል። ከዚያ ናልትሬክሶን 25 ሚሊግራም ይሰጣል፤ ምልክት ካልታየ በቀን ወደ 50 ይደርሳል። የጉበት ምርመራም ይደረጋል።

የተዋጠውን የትራማዶል ፍሬ ብዛት መቁጠር ብቻውን አይበቃም። ጉበት ትራማዶልን ሲዋይፒ2ዲ6 በተባለ ኢንዛይም ወደ ኃይለኛ ኦፒዮይድ ይለውጠዋል፤ በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶዎቹ የዚህ ኢንዛይም ዘረመል ብዜት (ከተለመደው በላይ ቅጂ) እንዳላቸው አሳይቷል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች እኩል ውጠው አንደኛው እጅግ የበለጠ ኦፒዮይድ ሊያገኝ ይችላል። በተጨማሪ ትራማዶል ሴሮቶኒን የተባለውን የአንጎል ኬሚካልም ስለሚነካ፣ ናልትሬክሶን ያንን ክፍል አይዘጋውም፤ መከልከያውን ለማሸነፍ ብሎ ብዙ መዋጥ የሚጥል መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል።

ናልትሬክሶንን ያቋረጠ ሰው ደግሞ ሰውነቱ የቀድሞውን የኦፒዮይድ መጠን መልመዱን ረስቷል። ድሮ የሚችለው መጠን አሁን ትንፋሹን ሊያቆም ስለሚችል፣ ቤተሰቡ ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።