ማታ ማታ ጌም የሚሠራ ሰው ምን ፈልጎ ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቀን ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ማታ ራት ተበልቶ ቤቱ ጸጥ ሲል ደግሞ ላፕቶፔን ከፍቼ የሞባይል ጌም እሠራለሁ። አራት ዓመት ሆነኝ። እዚሁ ባሕር ዳር እንደኔ የሚያመሹ ጥቂት ሰዎች አውቃለሁ። አንዷ ነርስ ናት፣ አንዱ ዩኒቨርሲቲው ፖሊ ግቢ ይማራል፣ አንዱ አባይ ማዶ ሞባይል ይጠግናል። ቅዳሜ ከሰዓት ሲመቸን ጣና ዳር እንገናኝና የሠራነውን ለመሞከር ስልክ እንለዋወጣለን።

"ለምን ትሠራላችሁ?" ብሎ የሚጠይቀን ሰው ብዙ ጊዜ መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው። ክፋት የለበትም፤ ግን መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ልክ አይደለም። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳቸው።

"ብር ስላለው ነው"

ከሁሉም በላይ የምሰማው ይሄን ነው። የሚጠቅሱልህም ፍላፒ በርድ የሚባለውን የወፍ ጌም ነው። እውነት ነው፣ የቬትናሙ ዶንግ ንጉየን ያቺን ወፍ በጥቂት ቀናት ሠርቶ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2013 ለቀቃት። በ2014 መጀመሪያ ላይ ከማስታወቂያ በቀን 50,000 ዶላር ገደማ ታስገባለት እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። ቀሪው ታሪክ ግን ለኔ ይበልጣል፦ በዚያው ዓመት በየካቲት ጌሟን ከገበያ አነሳት። ሰው ከስልኩ መላቀቅ አቅቶታል፣ እኔም እንቅልፍ አጥቻለሁ ብሎ። ብር ብቻ የፈለገ ሰው ይሄን አያደርግም።

ወደኛ ሂሳብ ልምጣ። የአንድሮይድ ጌም የሚለቀቅበት ጎግል ፕሌይ ላይ ለመመዝገብ 25 ዶላር ይከፈላል፣ አንዴ ብቻ። አፕል ጋ በየዓመቱ 99 ዶላር ነው። እኔ የ25ቱን ዶላር የከፈልኩት ውጭ አገር ባለች የአክስቴ ልጅ ካርድ ነው። ከማስታወቂያ የሚገኘው ደግሞ ማስታወቂያውን የሚያመጣው የጎግል አድሞብ ላይ 100 ዶላር ካልሞላ አይላክልህም። የመጀመሪያዋ ጌሜ በሰባት ወር ያጠራቀመችው አራት ዶላር አይሞላም። ብር ፈልጌ ቢሆን ኖሮ ማታ ማታ የሰው ሂሳብ ብዘጋ ይሻለኝ ነበር። ያውም የምችለው ሥራ።

ገንዘብ ቢመጣ አንጠላም። ግን ገንዘብ ቀድሞ ሲታሰብ የሚያበላሸው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐር የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ያወጣው ጥናት አለ። መሳል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን ወሰዱ። አንዳንዶቹን "ከሳላችሁ ሽልማት አለ" አሏቸው። አንዳንዶቹን ሳይነግሯቸው ሸለሟቸው። ለቀሩት ምንም አልሰጡም። በኋላ ልጆቹ በነፃነት ሲጫወቱ ሲታዩ፣ ሽልማት ቃል ተገብቶላቸው የነበሩት ቀለሙን የሚያነሱት ከሌሎቹ ባነሰ ጊዜ ነበር። እኔ ራሴ ላይ ያየሁትም ይሄንኑ ነው። ጌሜ ላይ ማስታወቂያ ያስገባሁ ሰሞን ማታ ላፕቶፕ ስከፍት መጀመሪያ የማየው ኮዱን ሳይሆን ሳንቲሙን ሆነ። ሁለት ወር ሙሉ አንድ አዲስ ነገር አልጨመርኩም። ማስታወቂያውን አወጣሁት፣ ሥራው ተመለሰ።

"ጌም ሱስ ስለሆነባቸው ነው"

አይደለም። መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ የምጫወተው በጣም ትንሽ ነው። የማውቃቸውም እንደዚያው ናቸው። ትርፍ ያለችኝ አንድ ሰዓት ናት፤ ልጫወትባት ወይስ ልሥራባት ከተባለ መሥራቱ ይጥመኛል። የመጀመሪያ ቀን ስክሪኑን ስነካ አንድ ቡናማ አራት ማዕዘን ብድግ ብሎ ሲዘል ያየሁት ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ነበር። መልክ የለው፣ ዓይን የለው። ግን ዝለል ስላልኩት ዘለለ። ቁጭ ብዬ ደጋግሜ አዘለልኩት።

"ዲግሪና ውድ ኮምፒውተር ያለው ሰው ሥራ ነው"

ሞባይል ጠጋኙ ጓደኛችን የመጀመሪያ ጌሙን የሠራው ስልኩ ላይ ነው። ላፕቶፕ አልነበረውም። ጎዶት የሚባል የጌም መሥሪያ አለ፤ ሁዋን ሊኒየትስኪና አሪኤል ማንዙር የሚባሉ አርጀንቲናውያን የጀመሩት፣ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ። ነፃ ነው፣ ከገቢህም ድርሻ አይጠይቅም። አንድሮይድ ስልክ ላይም ይሠራል። አንዴ ከወረደ ኔትወርክ ባይኖርም ግድ የለውም፤ ኢንተርኔት በሌለባቸው ወራት እኛን የያዘን ይሄ ነው። ፋይሉን በፍላሽ ነበር የምንቀባበለው።

ትምህርቱን በተመለከተ፣ ብዙ ሰው ገና የማይችለውን ነገር ነው የሚሞክረው፤ የሚስበውም እሱ ነው። 2048 የሚባለውን የቁጥር ጌም ታውቁታላችሁ። ጋብሪየሌ ቺሩሊ የሚባል የ19 ዓመት ጣሊያናዊ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2014 በአንድ የሳምንት መጨረሻ የሠራው ነው፤ ጌም ከዜሮ መሥራት እችል እንደሆነ ልይ ብሎ። አየ፣ ቻለ፣ ኮዱንም ለሁሉም በነፃ ለቀቀው።

"ካልጨረስከው ጊዜህን አቃጠልክ"

ይሄ ቤት ውስጥም ይባላል። እናቴ "የጀመርከውን አንዱን እንኳ ጨርስ" ትለኛለች። ላፕቶፔ ላይ ስምንት ፎልደር አለ፣ ያለቀው አንድ ነው።

ግን ስለ ገበጣው ፎልደር ልንገራችሁ። ልጅ ሆኜ አያቴ ጋ፣ መሬት ላይ በተቆፈረ ጉድጓድ፣ በጠጠር ነበር የምንጫወተው። አንድም ቀን አሸንፌያት አላውቅም። እጇ ጠጠሩ ላይ ከማረፉ በፊት ትንሽ ዝም ትላለች፤ እኔ እርጅና ይመስለኝ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ገበጣን ስልክ ላይ ልሥራ ብዬ ተነሳሁ። ለሁለት ሰው ማጫወቱ ቀላል ነው። የከበደኝ ስልኩ ራሱ ተጋጣሚ እንዲሆን ማድረጉ ነው። እያንዳንዱን ጉድጓድ በሐሳቡ ያነሳል፣ ጠጠሩን ይዘራል፣ የት እንደሚያልቅ ያያል፣ ከዚያ እኔ ምን ልመልስ እንደምችል ይቆጥራል፣ ይሄን ሁሉ ለሁሉም ጉድጓድ ከደጋገመ በኋላ ነው አንዱን የሚመርጠው። ይሄን ጽፌ ሳስጀምረው ስልኩ ከመጫወቱ በፊት ትንሽ ዝም አለ። ልክ እንደ አያቴ። ያኔ ነው የገባኝ። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም፣ ግን ያን ሁሉ ስሌት በጭንቅላቷ ትሠራው ነበር።

ያ ጌም አላለቀም። ሥዕል የለው፣ ድምፅ የለው። ማንም አይጫወተውም። ግን ያን ሦስት ሳምንት አቃጠልከው የሚለኝን ሰው አልሰማውም።

የተጨረሰውም ቢሆን አጀማመሩ ሌላ ሆኖ ይገኛል። ኤሪክ ባሮን የሚባል አሜሪካዊ ስታርዲው ቫሊ የሚባለውን የእርሻ ጌም የጀመረው ሥራ ሲያጣ፣ ኮድ ለመለማመድ ብሎ ነበር። ማታ ማታ ቲያትር ቤት እንግዳ እያስተናገደ ከአራት ዓመት በላይ ብቻውን ሠራው። እ.ኤ.አ. በ2016 ወጣ፣ በኋላ ስልክ ላይም መጣ። ሲጀምር እዚያ እደርሳለሁ ብሎ አልነበረም።

"የአገራችንን ባህል ለማስተዋወቅ ነው"

ይሄን የሚሉን ሲያመሰግኑን ነው። ታንኳ ያለበት ጌም እየሠራሁ ነው ስል "ጎበዝ፣ ባህላችንን አስተዋውቅልን" ይሉኛል። ደስ ይለኛል። ግን የጀመርኩት ለዚያ አይደለም። ታንኳ የመረጥኩት በየቀኑ ስለማየው ነው፤ ሌላ አገር ያለ ሰው መኪና እንደሚመርጠው።

ጌሙ ቀላል ነው። ስልኩን ግራና ቀኝ እያዘነበልክ ታንኳዋን በእንቦጩ መሃል አሳልፈህ ዘጌ ታደርሳታለህ። ሁለት ወር ከሠራሁበት በኋላ ግን አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር፤ ታንኳዬ የሞተር ጀልባ ትመስላለች። ትፈጥናለች፣ እንደልቧ ትታጠፋለች፣ ክብደት የላትም። አንድ እሑድ ጠዋት ዓሣ ይዘው የገቡ አዛውንት ታንኳቸውን ከውሃ ሲጎትቱ አገኘኋቸው። አገዝኳቸው። ለሁለት ሆነን እንኳ ከበደችን።

"አያ፣ ደንገል ቀላል አይደል እንዴ? ምነው እንዲህ ከበደች?" አልኳቸው።

"ውሃ ጠጥታ ነዋ ልጄ" አሉኝ። "ስትወጣ ቀላል ናት፣ ስትመለስ ከባድ። ፀሐይ ላይ ካላደረቅኋት ነገ አትሄድልኝም።"

ማታ ቤት ገብቼ አንዲት ቁጥር ጨመርኩ። ታንኳዋ ውሃ ላይ በቆየች መጠን በየሰከንዱ ትንሽ ትከብዳለች፤ ዳር ወጥታ ከቆመች ትደርቃለች። በቃ፣ እሷው ናት። ጌሙ ግን ሌላ ጌም ሆነ። በፊት ሐሳቡ እንቦጩን ማምለጥ ብቻ ነበር። አሁን የቱ ደሴት ላይ ልውጣ፣ መቼ ልረፍ የሚል ጥያቄ መጣ። (ጣና ላይ 37 ደሴቶች እንዳሉ ይነገራል፤ እኔ እስካሁን ያስገባሁት አምስት ነው።)

የእህቴ ልጅ ስምንት ዓመቱ ነው። ምንም ሳልነግረው ስልኩን ሰጠሁት። ሦስት ጊዜ እንቦጩ ውስጥ ተቀረቀረ። በአራተኛው ጊዜ ደሴት ዳር አቆማትና እጁን ከስልኩ ላይ አነሳ።

"ምነው ቆምክ?" አልኩት።

"አጎቴ፣ ደክሟታል እኮ!" አለኝ።

እኔ ደከማት አላልኩትም። ጌሙ ላይም አልተጻፈም። አንዲት ቁጥር ናት ይሄን የነገረችው። እንዲህ ያለ ነገር አንዴ ያየ ሰው፣ በነጋታው ቢሮ ምንም ያህል ደክሞ ቢውል፣ ማታ ላፕቶፑን ይከፍታል። ምክንያቴን አንድ ብቻ ንገረኝ ብትሉኝ ይሄን ነው የምላችሁ።

"ሰው የማይቀርቡ ብቸኞች ናቸው"

ኮዱ ብቻህን ሊጻፍ ይችላል፤ ጌሙ ግን ሌላ ሰው እጅ ካልገባ ጌም መሆኑ አይታወቅም። ለዚህ ነው ቅዳሜ ስልክ የምንለዋወጠው። የጓደኛህ አውራ ጣት የት እንደሚሄድ ዝም ብለህ ታያለህ፤ ማስረዳት ክልክል ነው፣ ሕጋችን ነው። በዓለም ላይም ቢሆን ለዚህ ተብለው የሚደረጉ ዝግጅቶች አሉ። ሉደም ዴር እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ አለ፤ 48 ሰዓት ተሰጥቶህ ጌም ሠርተህ ታቀርባለህ፣ የሌሎችንም ተጫውተህ ነጥብ ትሰጣለህ። ግሎባል ጌም ጃም ደግሞ ከ2009 ጀምሮ በየዓመቱ ጥር አካባቢ ሰዎችን በየከተማው ያሰባስባል።

ሰው ሲባልም የግድ ብዙ ሕዝብ አይደለም። ዎርድል የሚባለውን የቃል ጨዋታ ጆሽ ዎርድል የሠራው የቃል ጨዋታ ለምትወደው የሕይወት አጋሩ ነበር። ነርሷ ጓደኛችንም የምትሠራው ክትባት ለሚጠብቁ ሕፃናት ነው። ዶሮዋን በጣት እየነካህ ቤቷ ታስገባታለህ፣ ሌላ ምንም የለውም። ልጆቹ ለአምስት ደቂቃ መርፌውን ከረሱላት እሷ የፈለገችውን አግኝታለች።

"ሙያ ሊያደርጉት ነው"

አንዳንዱ አዎ። አዲስ አበባ ላይ ቅኔ ጌምስ የሚባል ድርጅት ኩኩሉ የሚባል ጌም አውጥቷል፤ እነሱን አይቶ የተነሳ ልጅ ሞልቷል። የፖሊው ልጅ እንደዚያ ያስባል። እኔ አላስብም። ቢሮዬን አልጠላውም። ማታ የምሠራው የማንም ትእዛዝ ያልሆነ፣ ቀነ ገደብ የሌለው ሥራ እንዲሆንልኝ ነው የምፈልገው።

"ሲያገቡ ይተውታል"

ይቆም ይሆናል። ነርሷ ስትወልድ ዓመት ሙሉ አቁማ ነበር፤ ሁላችንም ተወችው ብለን ነበር። አሁን የምትሠራው ልጇ ቀን ሲተኛ ባላት ግማሽ ሰዓት ነው፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ። ባለፈው ቅዳሜ ልጇን አዝላ መጥታ አሳየችን። ዶሮዋ በሩን ትታ ግድግዳውን ሰንጥቃ ትገባለች። ለምን እንደሆነ አራታችንም አየነው፣ ገና አላገኘነውም።