ስክሪኑ ጠፋ ማለት ኮምፒውተሩ ተኛ ማለት አይደለም

ላፕቶፕዎን ከፍተው ረጅም ጽሑፍ እያነበቡ ነው። ኪቦርዱን ከነኩት ቆየት ብሏል። ድንገት ስክሪኑ ድርግም! ብዙ ሰው እዚህ ጋ «ተበላሸ» ብሎ ይደነግጣል። አልተበላሸም፤ የተሰጠው ደቂቃ ስለሞላ ነው።

ዊንዶውስ 11 ላይ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ሲስተም፣ ከዚያ ፓወር የሚለውን ሲከፍቱ ሁለት የሚመሳሰሉ ነገሮች ያገኛሉ። ግራ የሚያጋባው ይሄ ነው። አንዱ ስክሪኑ የሚጠፋበት ጊዜ ነው። እዚህ የሚጠፋው ባብዛኛው ስክሪኑ ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩ ከውስጥ ሥራውን ይቀጥላል፣ ያስጀመሩት ዳውንሎድም አይቆምም። ሌላው ስሊፕ ነው፤ ማሽኑ ራሱ ይተኛል። የከፈቱት ሁሉ ሜሞሪው ላይ ተይዞ ይቆያል፣ ዳውንሎዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይቋረጣል። ስለዚህ ሌሊቱን ትልቅ ፋይል ሊያወርዱ ካሰቡ ስክሪኑ በ5 ደቂቃ ይጥፋ፣ ስሊፑን ግን «ኔቨር» ላይ ያድርጉት። ክዳኑንም አይዝጉት፤ ክዳን ሲዘጋ የሚሆነው ለብቻው ነው የሚስተካከለው።

ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ምርጫ ሁለት ቦታ አለው፦ በባትሪ ሲሠራና ቻርጀር ሲሰካ። አንዱን ብቻ ቀይሮ «እምቢ አለኝ» የሚል ሞልቷል። መብራት በሄደ ቁጥር ላፕቶፑ ወደ ባትሪው ምርጫ ይዞራል፤ ያኔ ስክሪኑ ቶሎ ቶሎ ቢጠፋ አይገረሙ።

እኔ በባትሪ 3 ደቂቃ፣ በቻርጀር 15 አድርጌዋለሁ። ፊልም ላይ ይጠፋብኛል ብለው አይስጉ፤ ቪዲዮ እየተጫወተ ሳለ ስክሪኑ ብዙውን ጊዜ አይጠፋም።