የፍሬን ዘይት ምንድን ነው? ለምንስ ያረጃል?

ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ። በመሃል የደንገጎ ቁልቁለት አለ። ሰው የጫነ ሚኒባስ እዚያ ሲወርድ ፍሬኑ እረፍት የለውም። የፍሬን ሸራው፣ ማለትም በመፋተግ መኪናውን የሚያቆመው ክፍል፣ ይግላል፤ ሙቀቱም ወደ ፍሬን ዘይቱ ያልፋል።

የፍሬን ዘይት ማለት ፔዳሉን ስትረግጡ የእግራችሁን ግፊት በቱቦ እስከ ጎማዎቹ የሚያደርስ ፈሳሽ ነው። ፈሳሽ ሲጫኑት አይጨመቅም፤ ግፊቱ ሳይባክን ሸራው ጋ ይደርሳል። ሲፈላ ግን እንፋሎት ይፈጥራል። እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል። ያኔ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይገባል፣ መኪናው ግን አልቆም ይላል። ክፋቱ፣ ዳር ይዛችሁ ትንሽ ሲቀዘቅዝ ፔዳሉ ይመለሳል። «ደህና ሆነ» ተብሎ ጉዞ ይቀጥላል። ደህና አልሆነም።

ቶሎ እንዲፈላ የሚያደርገው በአብዛኛው ውሃ ነው። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ በላስቲክ ቱቦውና በክዳኑ በኩል ቀስ እያለ ይገባበታል። የድሬ አየር ደረቅ ነው ብሎ መዘናጋት አያዋጣም። ዶት (DOT) የሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው፤ አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መፍላት የለበትም። 3.7 በመቶ ውሃ ሲገባበት ግን ይህ ልክ ወደ 140 ይወርዳል። የዶት 4 ደግሞ ከ230 ወደ 155። ስለዚህ ያረጀ ዶት 4 ከአዲስ ዶት 3 ሊብስ ይችላል! ብዙ ሰው ስለ ዓይነቱ ይጨነቃል እንጂ ዕድሜውን አይጠይቅም።

የትኛውን ልግዛ ካላችሁ፣ የማጠራቀሚያውን ክዳን አንብቡ። ዶት 3 የሚል ከሆነ ዶት 4 መጠቀም ይቻላል፤ ደንገጎን ለሚመላለስ መኪና እኔ እሱን እመርጣለሁ። ዶት 5 ግን ሲሊኮን ነው፤ ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም። የሞተር ዘይት በፍጹም አታስገቡ፣ ጎሚኒዎቹን (የላስቲክ ማሸጊያዎቹን) አሳብጦ ያበላሻል። ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስም ይቅርባችሁ፤ የታሸገውን ግዙ።

በየ2 ዓመቱ ሙሉ በሙሉ አስቀይሩ። ጎደለ ብሎ ከላይ መሙላት የገባውን ውሃ አያወጣም። ደግሞ የሚጎድለው ያለ ምክንያት አይደለም፦ ወይ ሸራው አልቋል፣ ወይ የሚያፈስ ቦታ አለ። መካኒኩ ሲቀይር በፍሬን ቱቦው ውስጥ የገባውን አየር በአራቱም ጎማ በኩል ማስወጣቱን አይታችሁ አረጋግጡ። ዘይቱ የመኪናው ቀለም ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በውሃ እጠቡት፣ ቀለሙን ይልጠዋል። አዲስ ዘይት ቢኖራችሁም ቁልቁለቱን ማርሽ ቀንሳችሁ ውረዱ።