የቤት ሲቢ አንቴና ምንድን ነው?

አሜሪካ ትራክ የሚነዳ ዘመድ ያለው ሰው ሲቢ ሬዲዮን ሳይሰማ አይቀርም። ሾፌሮች መንገድ ሲዘጋ፣ አደጋ ሲኖር በቻናል 19 የሚነጋገሩባት ሬዲዮ ናት። 40 ቻናል አላት፣ የግል ፈቃድ አትጠይቅም፣ የምትሠራውም 27 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው። ይህችኑ ሬዲዮ ቤት አስቀምጦ ለመነጋገር ጣሪያ ወይም ምሰሶ ላይ የሚተከለው ነው የቤት አንቴና፤ ባለሙያዎቹ «ቤዝ አንቴና» ይሉታል።

ብዙ ሰው ብሩን ሬዲዮው ላይ ይጨርስና ለአንቴናው የተረፈውን ይመድባል። እኔ ተቃራኒውን አድርጉ ነው የምለው። እዚያ አገር በኤኤም፣ ማለትም በተለመደው የሲቢ አላላክ፣ ከ4 ዋት በላይ መላክ ክልክል ስለሆነ ውዱም ርካሹም ሬዲዮ ጉልበቱ ያው ነው። ከፍታ ግን ለውጡ ወዲያው ይታያል። አንቴናው 4 ሜትር ላይ ሲሆን አድማሱ፣ ማለትም ሞገዱ በቀጥታ የሚደርስበት ርቀት፣ በግርድፉ 8 ኪሎ ሜትር ነው። 10 ሜትር ላይ ሲወጣ 13 ይደርሳል።

ዓይነቱስ? የሲቢ ሞገድ 11 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ አንቴናም የሚለካው በዚያ ነው። የሩብ ሞገዱ 2.7 ሜትር ያህል ሆኖ ከሥሩ የተዘረጉ ዘንጎች ይፈልጋል። የግማሽ ሞገዱ 5.5 ሜትር ገደማ ነው፤ ዘንግ ስለማይፈልግ ለጀማሪ እሱን እመርጣለሁ። ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አጠንክሮ የሚልክ ቢም የሚባልም አለ፤ እሱ ግን ማዞሪያ ሞተር ስለሚፈልግ ወጪው ከበድ ይላል። የትኛውንም ብትገዙ ቀጥ ብሎ ይቁም። የመኪኖቹ አንቴና የቆመ ስለሆነ የእናንተ ከተኛ ድምፁ ክፉኛ ይዳከማል።

ሬዲዮውን ከአንቴናው የሚያገናኘውን ኬብል አትናቁት። 30 ሜትር ቀጭን አርጂ 58 ብትዘረጉ ከ4 ዋቱ አንቴናው ጋ የሚደርሰው 2.5 ገደማ ነው። ወፍራሙ አርጂ 213 ከ3 ዋት በላይ ያደርሳል። አንዴ የጎረቤቴን አንቴና ስናወርድ ማገናኛው ሳይጠቀለል ሁለት ክረምት ከርሞ ነበር። ልባሱን ስንልጠው የመዳብ ሽቦው እንደ ከሰል ጠቁሯል፣ ውሃም ጠብ አለ። ሰውዬው ሬዲዮው ተበላሽቶ መስሎት ሌላ ሊገዛ ነበር! ማገናኛውን ውሃ በማያስገባ ጎማ ቴፕ ጥሩ አድርጋችሁ ጠቅልሉት።

ከተተከለ በኋላ ኤስደብሊውአር ሜትር ይያዝ። አንቴናው ስንቱን ጉልበት ወደ ሬዲዮው እንደሚመልስ የሚያሳይ መለኪያ ነው። 1.5 እና ከዚያ በታች ደስ ይላል። 3 ከሆነ ሩቡ ጉልበት እየተመለሰ ስለሆነ ሳይስተካከል አታውሩበት። ቻናል 1 እና 40 ላይ ለኩ፤ 1 ላይ ከበዛ አንቴናው አጥሯል፣ 40 ላይ ከበዛ ረዝሟል።

ከሁሉ በፊት ግን ምሰሶ ከማንሳታችሁ ቀና ብላችሁ የመብራት ሽቦውን እዩ። ሰው የሞተበት ነገር ነው። ምሰሶውና አንቴናው ተደምረው 12 ሜትር ከሆኑ ሽቦው ቢያንስ 24 ሜትር ይራቅ። ግቢው ካልበቃ አጭሩን አንቴና ግዙ። በነፋስ ቀን ደግሞ አትሞክሩት፤ ብቻችሁንም አትሥሩ።