ባክቴሪያ የሚሠራው ፕላስቲክ

ግመል ለክፉ ቀን በሻኛዋ ስብ እንደምትቋጥር፣ አንዳንድ ባክቴሪያዎችም ምግብ ሲተርፋቸው ፕላስቲክ ይቋጥራሉ። ፕላስቲክ ማለት ለማጋነን አይደለም፤ ከሴሉ ወጥቶ ሲቀልጥ ጠርሙስ የሚወጣው ፖሊስተር ነው። ፖሊሃይድሮክሲቡቲሬት፣ ባጭሩ ፒኤችቢ፣ ይሉታል። ፈረንሳዊው ሞሪስ ለምዋኝ በፓስተር ኢንስቲትዩት ሲሠራ በ1920ዎቹ ባሲለስ ሜጋቴሪየም በተባለ ባክቴሪያ ውስጥ አገኘው።

አመራረቱ አጥግቦ ማስራብ ነው። በዚህ ሥራ ስሙ የገነነው ኩፕሪያቪደስ ኔካተር የተባለው ባክቴሪያ መጀመሪያ ሁሉ ነገር ተሟልቶለት በትልቅ ጋን ውስጥ ይባዛል። ከዚያ ናይትሮጂን ወይም ፎስፈረስ ይቋረጥበታል፤ የካርቦን ምግቡ ግን አይቋረጥም። ያለ ናይትሮጂን ፕሮቲን መሥራት፣ ያለ ፕሮቲን ደግሞ መባዛት ስለማይቻል የተረፈውን ካርቦን በሦስት ኤንዛይሞች አማካይነት ወደ ፒኤችቢ ይለውጠዋል። የመጨረሻው ኤንዛይም ትንንሾቹን ሞለኪውሎች እንደ ዶቃ ይሰካካቸዋል። ሴሉ ሱዳን ብላክ በተባለ ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጥቋቁር እንክብሎች ሞልተውታል፤ ከደረቅ ክብደቱ 80 በመቶው ፕላስቲክ ሊሆን ይችላል። ምግቡም የግድ ውድ መሆን የለበትም። እንደ ባክቴሪያው ዓይነት ሞላሰስ፣ የአትክልት ዘይት፣ ግሊሰሮል ይሆናል። ኔካተር ሃይድሮጂን፣ ኦክስጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካገኘ ስኳርም አይጠይቅ።

ጣጣው ማውጣቱ ላይ ነው። ሴሉ ተሰብሮ እንክብሉ መለየት አለበት፤ የተለመደው ማሟሚያ መርዛማው ክሎሮፎርም ነው። አካባቢን ላለመበከል ለተጀመረ ሥራ ይህ ትንሽ ያሳፍራል። ንጹሕ ፒኤችቢም ተሰባሪ ነው፤ በ175 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀልጥና ሙቀቱ ከዚያ ብዙም ሳይርቅ መበላሸት ይጀምራል። የእንግሊዙ የኬሚካል ኩባንያ አይሲአይ ለባክቴሪያው ከግሉኮስ ጋር ፕሮፒዮኒክ አሲድ እየመገበ ለዘብ ያለ የፕላስቲክ ዓይነት አወጣ፤ ስሙንም ባዮፖል አለው። በ1990 ጀርመን ውስጥ የሻምፑ ጠርሙስ ተሠራበት። ዋጋው ግን ከነዳጅ ከሚገኘው ፕላስቲክ በእጅጉ የበለጠ ስለነበር ገበያውን አልያዘም።

ፒኤልኤ (ፖሊላክቲክ አሲድ) የተባለው ሌላ ፕላስቲክ ከዚህ ጋር ይምታታል። እዚያ የባክቴሪያው ድርሻ ላክቲክ አሲድ ማብላላት ብቻ ነው፤ ሰንሰለቱን የሚሠራው ኬሚስቱ ነው። ፒኤልኤ በኢንዱስትሪ የኮምፖስት ክምር ውስጥ፣ በ60 ዲግሪ አካባቢ፣ በደንብ ይፈርሳል፤ ቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ ግን ለዓመታት ይቆያል። ፒኤችቢን የሚበሉ ረቂቅ ሕዋሳት በአፈርም በባሕርም አሉ። እነሱም ቢሆኑ ከላይ ወደ ውስጥ እየላጡ ስለሚበሉ ስስ ሽፋን ቶሎ ሲያልቅ ወፍራም ጠርሙስ ብዙ ይቆያል።